የእግር መንገድን በነጻ ካርታ ላይ ስለ መጻፍ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው ዋና መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሁምቦ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከተበላ ከተማ ይደርሳል። በአስፋልቱ የሚሄደው መኪና ከተማዪቱን በጥቂት ደቂቃ አልፏት ይሄዳል፤ የአገሩ ሰው ኑሮ ግን ከአስፋልቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በሚነጠለው በእግር መንገድ ላይ ነው። ወደ ገበያ፥ ወደ ውሃ፥ ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ዘመድ ለቅሶ የሚኬደው በዚሁ ነው። ይህም መንገድ አባት ለልጁ እያሳየ ሲተላለፍ የኖረ ነው እንጂ በወረቀት ተጽፎ የሚገኝ አልነበረም። አሁን ግን በኢንተርኔት ያለ ዋጋ የሚገኝ ካርታ ስለ መጣ፥ የራሱ ድረ ገጽ ያለው ማናቸውም ሰው ካርታውን ከገጹ ላይ ተክሎ የእግር መንገዱን በቀለም ሊያሠምርበትና ለዓለም ሁሉ ሊያሳይ ተችሎታል። ሥራው የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ዳሩ ግን መንገዱን የሚጽፈው ማን እንደ ሆነ፥ በምን ስም እንደሚጽፈው፥ የተጻፈውም ነገ በማን እጅ እንደሚገኝ ቢመረመር ነገሩ እንደ ሥራው የቀለለ ሆኖ አይገኝም።

ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስልት በ2012 ዓ. ም. ከጸደቀ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፥ ማኅበራትና አድባራት ድረ ገጽ ማበጀትን ልማድ እያደረጉት መጥተዋል። ወላይታ ሶዶም በ2015 ዓ. ም. ነሐሴ የተቋቋመው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የርእሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ከሆነች በኋላ ወደ አገሩ የሚመጣው እንግዳ መንገድ የሚጠይቀው እንደ ቀድሞው ከመንገድ ዳር ካገኘው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከስልኩም ጭምር ነው። ስልኩ የሚመልስለት መልስ የተጻፈው በአገሩ ሰው እጅ ነው ወይስ በባዕድ እጅ? ይህን መለየት የወረዳ ሹማምንትንም የደብር አስተዳዳሪዎችንም የሚመለከት ጉዳይ ነው።

አሠራሩን ላላየ ሰው እንዲገባው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በድረ ገጽ ላይ የሚታየው ካርታ አንድ ወጥ ሥዕል አይደለም። ባለ ካርታው ድርጅት መላውን ዓለም በአንዲት አራት ማዕዘን ሥዕል ይሥላል፤ ቀጥሎም ያችን ሥዕል ለአራት ይከፍላታል፤ እያንዳንዱንም ክፍል እንደ ገና ለአራት ይከፍላል፤ እንዲህ እያለ ሲወርድ በዐሥረኛው ደረጃ የሥዕሎቹ ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። አንድ ሰው ተበላን ለማየት በፈለገ ጊዜ ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ተበላን የያዙት ጥቂቶቹ ብቻ በሩቅ አገር ከተቀመጠ ኮምፒዩተር ተነሥተው መጥተው በስልኩ መስተዋት ላይ ይገጣጠማሉ። እንግዲህ የድረ ገጹ ባለቤት ካርታውን በቤቱ አላኖረውም፤ በቤቱ ግድግዳ ላይ መስኮት ከፈተ እንጂ። በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግቢ ነው፤ ጎረቤቱም መጋረጃውን በጋረደ ቀን ምንም አይታይም።

የእግር መንገዱ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። እርሱ የነጥቦች ዝርዝር ነው። ተጓዡ ስልኩን ይዞ ሲራመድ፥ ስልኩ ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ያለበትን ቦታ በየጥቂቱ እርምጃ እየመዘገበ ያከማቻል። ይህ ምልክት ለሕዝብ የሚጠቅም የሆነው በ1992 ዓ. ም. ሚያዝያ 24 ቀን የአሜሪካ መንግሥት ሆነ ብሎ ያደርግበት የነበረውን ማዛባት ካቆመ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት እስከ መቶ ሜትር ይስት ስለ ነበረ፥ በሸለቆ ዳር ለሚሄድ እግረኛ የሚታመን አልነበረም። ዝርዝሩም ጂፒኤክስ በሚባል አጻጻፍ ይቀመጣል፤ የግማሽ ቀን ጉዞ የያዘ መዝገብ በስልክ ከተነሣ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። በ2003 ዓ. ም. የወጣው ሊፍሌት የተባለ ነጻ መሣሪያ ሁለቱን፥ ማለት መስኮቱንና ዝርዝሩን፥ በአንድ ገጽ ላይ ያገናኛቸዋል። የሚያስፈልገው ጽሑፍ ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊማረው ይችላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያስቅ ስሕተት አንድ አለ። የነጥቦቹ ቦታ የሚጻፈው በሁለት ቍጥር ሲሆን አንደኛው ኬክሮስ ሁለተኛው ኬንትሮስ ይባላል። ካህናቱ ኬክሮስን የሚያውቁት ከባሕረ ሐሳብ ነው፤ በዚያ የዕለት ስድሳኛ እጅ ማለት ሲሆን፥ የካርታ ሊቃውንት ግን ቃሉን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ለሚለካው ርቀት ወስደውታል። የሶዶ ከተማ ኬክሮሷ 6 ዲግሪ ከ54 ደቂቃ ሰሜን፥ ኬንትሮሷ 37 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ነው። አንዱ መሣሪያ ኬክሮስን አስቀድሞ ሲጠይቅ ሌላው ደግሞ ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ ይህን ሳያስተውል ቍጥሮቹን ያገላበጠ ሰው የሶዶን መንገደኞች ወስዶ ከአልጄርያ በስተ ሰሜን ካለው ከሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይጥላቸዋል። ስሕተቱ እጅግ ትልቅ ስለ ሆነ ወዲያው ይታያል፤ ስለዚህም አይጎዳም።

የሚጎዳው ትንሹ ስሕተት ነው። በ1940ዎቹ ዓመተ ምሕረት ተጀምሮ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በሚባለው መሥሪያ ቤት የተጠቃለለው የካርታ ሥራ፥ አገሪቱን በ1 ለ50,000 መጠን የሚያሳዩ ብዙ ያማሩ ሉሆች አበርክቷል። የቀደሙት ሉሆች ግን ልክ የተነሡት አዲንዳን ከተባለ የመለኪያ መነሻ ነው፤ የስልክና የድረ ገጽ ካርታ ልክ ግን ሳተላይቱ ከሚጠቀምበት ከሌላ መነሻ ነው። ቍጥሩን ከአሮጌው ሉህ እንዳለ ቀድቶ በአዲሱ ካርታ ላይ ያኖረ ሰው ቦታውን ከመቶ ሜትር በላይ ያዛውረዋል። በሜዳ ላይ መቶ ሜትር ምንም አይደለም፤ በዳሞታ ተራራ ጎን ላይ ግን መቶ ሜትር ማለት ከገደሉ ወዲህና ወዲያ ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ የሚገኙትን አሮጌ ሉሆች የሚጠቀም ሰው ሁሉ በጠርዛቸው የታተመውን ይህን የመነሻ ስም ማንበብ አለበት።

ከዚህም በኋላ «ያለ ዋጋ» የሚለውን ቃል ማጥራት ይገባል፤ ቃሉ ሁለት ትርጕም አለውና። ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካርታውን በ1997 ዓ. ም. የካቲት አወጣ፤ በዚያውም ዓመት በሰኔ ማንም ሰው ካርታውን ከገጹ ላይ ተክሎ የራሱን ምልክት እንዲጽፍበት ፈቀደ። በዓለም ያሉ ድረ ገጾችም ሥራቸውን በዚህ ላይ ገነቡ። በ2010 ዓ. ም. ክረምት ግን ኩባንያው ደንቡን ለወጠ፤ ካርታውን እንደ ልቡ አድርጎ ምልክትና መንገድ ሊሥልበት የሚፈልግ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ ከፍቶ የክፍያ ካርድ እንዲያስይዝ ተጠየቀ። ይህን ያላደረገ ሰው ገጹን በከፈተ ጊዜ ካርታው ጠቍሮና ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት አገኘው። እርግጥ ነው፥ ተራውን መስኮት ብቻ የሚከፍተው ሰው አሁንም ያለ ዋጋ ይከፍታል፤ ኩባንያውም በንብረቱ ላይ ማዘዙ መብቱ ነው። ነገር ግን የውጭ ገንዘብ የሚከፍልበት ካርድ በእጁ የሌለ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም የገጠር ደብር በዚያ ክረምት ምን ያደርግ ነበር? ይህ በቸርነት የተሰጠ ነጻነት ነው፤ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ዓይነት የባለቤትነት ነጻነት ነው። በ1996 ዓ. ም. ነሐሴ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004) በለንደን ስቲቭ ኮስት የተባለ ሰው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለውን የጋራ ካርታ ጀመረ። ምክንያቱም የብሪታንያ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ያሠራውን ካርታ ለሕዝቡ መልሶ በዋጋ ይሸጥ ስለ ነበረ ነው። የጋራውን ካርታ የሚሥለው ማንም ፈቃደኛ ሰው ነው፤ በእግሩ ሄዶ ወይም ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ እያየ መንገዱን፥ ወንዙንና ቤቱን ይጽፍበታል። በ2002 ዓ. ም. ጥር የሃይቲ ዋና ከተማ ፖርቶፕሪንስ በምድር መናወጥ በፈረሰች ጊዜ፥ በየአገሩ የተቀመጡ ፈቃደኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ የከተማዪቱን ካርታ ሠርተው ለረድኤት ሰዎች ሰጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሥራው ጥቅም በግልጽ ታወቀ። ከ2005 ዓ. ም. መስከረም ጀምሮ በጸናው ፈቃድ መሠረት ማንም ሰው ይህን ካርታ ሊወስድ፥ ሊገለብጥ፥ ሊያትምና ሊሸጥም ይችላል፤ የሚጠየቀው የሠሩትን ሰዎች ስም በካርታው ግርጌ እንዲጽፍና አሻሽሎ ያወጣውን የካርታ መዝገብ በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ብቻ ነው። ቢሆንም ይህም መስኮት ገደብ አለው፤ ሥዕሎቹን የሚልከው ኮምፒዩተር በምጽዋት የሚኖር ስለ ሆነ፥ ለአንድ ደብር ገጽ የሚበቃው ለትልቅ ኩባንያ አይበቃም፤ ያለ ልክ የሚቀዳውንም ሰው ሳያስጠነቅቁ ሊዘጉበት ይችላሉ።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ መስኮቱን ከማንም ይክፈቱት፥ የእግር መንገዱን መዝገብ ግን በራስ እጅ መያዝ ይገባል። በውሰት መጽሐፍ የሚቀድስ ደብር መጽሐፉ በተጠየቀ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል፤ መጽሐፉን በጊዜው ያስገለበጠ ደብር ግን ውሰቱን በምስጋና ይመልሳል። ነጥቦቹን የያዘው ትንሽ መዝገብ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር፥ በሌላም ቦታ አንድ ቅጂ ካለ፥ አንዱ ካርታ ሲዘጋ በማግሥቱ በሌላው ላይ ሊተከል ይችላል። መንገዱን በአንድ ኩባንያ ገጽ ላይ ብቻ ሥሎ የተወ ሰው ግን ገጹ የጠፋ ዕለት መንገዱ አብሮ ይጠፋበታል። ከዚህም ጋር በመንደሩ ውስጥ ስልክ የሌለው ብዙ ነው፤ ስልክ ያለውም ቢሆን ለኢንተርኔት የሚከፍለው ገንዘብ ሁልጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ ካርታው በወረቀት ታትሞ በወረዳው በርና በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ካልተለጠፈ፥ ተጠቃሚው ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ብቻ ይሆናል። የጋራው ካርታ ፈቃድ እንዲህ ያለውን ኅትመት አይከለክልም።

የስም ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ከሁምቦ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋውን የዓባያን ሐይቅ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ በስሙ ይጠራው ነበር። በ1888 ዓ. ም. የጣሊያን ጦር በዐድዋ ድል በተመታበት በዚያው ዓመት፥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ ጣሊያናዊ አገር አሳሽ ከሐይቁ ዳር ደርሶ በንግሥቱ በማርጌሪታ ስም ሰየመው። በአውሮፓ የታተሙ ካርታዎችም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ማርጌሪታ ሐይቅ እያሉ ጻፉት፤ የሐይቁን ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ግን ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም። በጦር ያልተያዘ ሐይቅ በቀለም ተይዞ ቈየ ማለት ይቻላል። የወላይታም ሕዝብ ራሱን ወላይታ ሲል ሳለ፥ ከ1966 ዓ. ም. በፊት በነበሩ የመንግሥት ጽሑፎችና ካርታዎች በሌላ ስም፥ ያውም እንደ ስድብ በሚቈጥረው ስም፥ ይጻፍ ነበር። ከአሮጌ ካርታ ስም እየገለበጠ በአዲሱ ካርታ ላይ የሚጽፍ ሰው፥ ሳያውቀው ይህን ሁሉ መልሶ ያነሣል።

የቋንቋ ነገር በዚህ አገር ምን ያህል ልብ የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1992 ዓ. ም. የወላይታን፥ የጋሞን፥ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ አቀላቅለው ወጋጎዳ በሚል ስም የተዘጋጁ የትምህርት መጻሕፍት በመጡ ጊዜ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተነሡ፤ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የጋራው ካርታ በዚህ ረገድ ከወረቀት ካርታ የሚሻልበት ነገር አለው፤ ለአንዱ ቦታ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ የስም መስመር ስለ ተዘጋጀለት፥ አማርኛው በግእዝ ፊደል ወላይትኛውም በላቲን ፊደል፥ አንዱ ሌላውን ሳያስለቅቅ ጎን ለጎን ይጻፋል። ከዚህ የቀረው፥ ከየቀበሌው ሽማግሌዎች ጠይቆ ትክክለኛውን የመንደርና የምንጭ ስም በየመስመሩ የሚያኖር ሰው ማግኘት ነው። ከ1999 ዓ. ም. ጀምሮ በሶዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለዚህ ቢያሰማራ፥ ከብዙ መመረቂያ ጽሑፍ የበለጠ ዕድሜ ያለው ሥራ ይሆናል።

የአገሩ ገበሬ ካርታ አያውቅም የሚል ሰው ቢኖር የሁምቦን ተራራ ይመልከት። ተራራው ዛፉ አልቆ፥ አፈሩ ታጥቦ፥ ጎርፉ ከታች ያለውን ማሳ የሚያጠፋ ሆኖ ነበር። በ1999 ዓ. ም. ግድም ወርልድ ቪዥን የተባለው የረድኤት ድርጅትና የዓለም ባንክ ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ፤ አብዛኛው ደን በችግኝ ሳይሆን በመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ ከቀረው ጉቶ አቈጥቍጦ ተመለሰ። በ2002 ዓ. ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ውል ሥር ተመዘገበ፤ ደኑ ከአየር የሚያነሣው የካርቦን መጠን ተለክቶ ለገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገንዘብ የሚያስገኝ ሆነ። እንዲህ ላለው ምዝገባ የደኑ ወሰን በቍጥር ተለክቶ በካርታ መቅረብ ግዴታ ነበር። ከዚያም በኋላ በደቡብ ክልል ጭምር ሁለተኛ ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ በተሰጠ ጊዜ፥ ገበሬው ከሰማይ የተነሣውን ፎቶግራፍ እያየ የማሳውን ወሰን በጣቱ እያመለከተ አስመዝግቧል።

እንግዲህ ደኑ ለሩቅ ገዥ፥ ማሳውም ለመዝገብ ሲባል በካርታ ተጽፏል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው የእግር መንገድ ግን ገዥም ግብርም የሌለው ስለ ሆነ ጸሐፊ አላገኘም። ይህ ክፍተት ያለ ጉዳት የሚቀር አይደለም። በውጭ አገር ተቀምጦ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶግራፍ ብቻ እያየ መንገድ የሚሥል በጎ ፈቃደኛ፥ በተከለለ ደን ውስጥ የቀረውን የድሮ የከብት ዱካ ከሕዝብ መንገድ ሊለየው አይችልም፤ ሁለቱም በፎቶግራፉ ላይ ነጭ ክር ሆነው ይታያሉና። ያን ክር በስልኩ እያየ የመጣ እንግዳ ገበሬዎቹ በመተዳደሪያ ደንብ የዘጉትን ክልል ጥሶ ይገባል፤ ተጠያቂውም ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ከማኅበራቱ አንዱ የራሱን ገጽ ከፍቶ የተፈቀደውን መንገድ አሠምሮ ቢያሳይ፥ ያልተፈቀደውንም በጋራው ካርታ ላይ «የተከለከለ» ብሎ ቢያስጽፍ ጠቡ ሳይነሣ ይቀራል። ለእንግዳ መንገድ የሚያሳየው የመንደሩ ወጣትም የዕለት ዋጋውን ያገኛል።

ነገር ግን መንገድ ሁሉ ይታይ ማለት አይደለም። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱ ንጉሥ የሞተሎሚ ታሪክ ስላለ ወላይታ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የታወቀ አገር ነው፤ በወላይታ ሶዶ የሚገኘውም የደብረ መንክራት ተክለ ሃይማኖት ገዳም በክብረ በዓል ከሩቅ የሚመጡ ምእመናንን ይቀበላል። ወደ ደጁ የሚወስደው መንገድ በካርታ ቢታይ ለድካመኛና ለእንግዳ መልካም ነው። በየትኛውም ገዳም ቢሆን ግን መነኵሴው ወደ በኣቱ፥ ባሕታዊው ወደ ዋሻው የሚሄድበት ዱካ ለሌላ ሰው የተሠራ መንገድ አይደለም። ንዋያተ ቅድሳት ስለሚቀመጡበት ስውር ቦታም እንዲሁ ነው፤ ነጥቡን የጻፈ ሰው ለሌባ ቍልፍ እንደ ሰጠ ይቈጠራል። በዳሞታ ተራራ ጎን ያለው የሞቸና ቦራጎ ዋሻ፥ ሊቃውንት 50,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሰው መኖሪያ ቅሪት ያገኙበት ሲሆን፥ ካህንም ጠባቂም በየሰዓቱ የሚቆምበት ቦታ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቅርስ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ይጠብቀዋል፤ አዋጁ ግን በካርታ ላይ የተጻፈውን ነጥብ አይቶ መቆፈሪያ ይዞ የሚመጣውን ሰው በመንገድ ላይ አያስቀረውም። ምን እንደሚጻፍና ምን እንደማይጻፍ የሚቈርጡት ቦታውን የሚጠብቁት ሰዎች እንጂ ድረ ገጽ ያላቸው ሰዎች መሆን የለባቸውም።

የእያንዳንዱም ሰው የእግር ዱካ የራሱ ምስጢር አለው። በ2010 ዓ. ም. ስትራቫ የተባለው ኩባንያ ደንበኞቹ የሮጡበትንና የተራመዱበትን መንገድ ሁሉ አከማችቶ በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አወጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በሶርያና በአፍጋኒስታን የነበሩ ወታደሮች ለጤናቸው ሲሮጡ የሠፈራቸውን አጥር ዙሪያ በብርሃን እንደ ሣሉት ሰዎች አስተዋሉ። በተበላ ወታደራዊ ምስጢር ባይኖርም፥ ከቤቱ ደጅ ጀምሮ እስከ ሥራው ያለውን የየዕለት መንገዱን በድረ ገጹ የሚሰቅል መምህር ቤቱንም ከቤቱ የሚርቅበትንም ሰዓት አብሮ ይሰቅላል። መዝገቡ የሰዓቱን ልክ ጨምሮ ይይዛልና። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፥ የሌላውን ሰው ዱካ ያለ ፈቃዱ የሚያወጣ ድርጅት በሕግ የሚጠየቅ ሆኗል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ መንገዱ ከሕዝብ አደባባይ ተጀምሮ በሕዝብ አደባባይ እንዲያልቅ የዝርዝሩን ራስና ጭራ መቍረጥ፥ ሰዓቱንም መሰረዝ።

ከሁሉ በኋላ የወቅቱ ነገር አለ። በ2016 ዓ. ም. ሐምሌ 15 ቀን በዚሁ ክልል በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ተራራ በአንድ ጧት መልኩን የሚለውጥ ከሆነ፥ በበጋ የተሣለ መንገድ በክረምት እውነት ሆኖ ይቈያል ብሎ ማመን አይቻልም። በስልክ የሚታየው መስመር ግን አይረጥብም፥ አይናድም፤ ሁልጊዜ ያው ሰማያዊ መስመር ነው። አደጋውም በዚህ ላይ ነው፤ የመንደሩ ሰው «በዚህ አትሂድ፥ ወንዙ ሞልቷል» የሚለውን ድምፅ መስመሩ አይናገርም።

ስለዚህ በድረ ገጽ የሚተከል የእግር መንገድ ሁሉ መጨረሻ የተመረመረበት ቀንና የመረመረው መሥሪያ ቤት ወይም ደብር ስም ከግርጌው ሊጻፍበት ይገባል፤ የክረምቱና የበጋው መንገድም በሁለት የተለያየ ቀለም ሊሠመር ይችላል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓላት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ታኅሣሥ 24 ቀን የሚሄደው ምእመን ደረቁን ጅረት ተራምዶ በአቋራጭ ያልፋል፤ ግንቦት 12 ቀን የሚሄደው ዝናብ ያገኘው እንደ ሆነ ይዘገያል፤ ነሐሴ 24 ቀን የሚሄደው ግን በዚያው አቋራጭ ቢሄድ ጅረቱ ሞልቶ ይጠብቀዋል። በየዓመቱ ከነሐሴው በዓል አንድ ሳምንት አስቀድሞ ከወረዳው አንድ ሰው፥ ከደብሩም አንድ ዲያቆን ስልክ ይዘው መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢሄዱት፥ የተበላሸውን ቢያርሙና አዲሱን ቀን ቢጽፉበት፥ የሚጠይቀው የሁለት ሰው የአንድ ቀን ድካም ነው።